ቁሓ ግቢያችን ውስጥ የጀልባ ሞተር

ሰኞ ግንቦት 11፣ ጠዋት 1:10

የቤንዚኑን ፓምፕ ስድስት ጊዜ ጨመቅሁት፤ ጠነከረ። ቾክ ተሳበ፤ ለቀዘቀዘ ሞተር ቤንዚን እንዲበዛለት። ገመድ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በአራተኛው አስነጠሰ። ቾኩን ግማሽ መለስኩ። በአምስተኛው ተነሣ። ጭስ፣ አሁንም ጭስ። አማቴ አደይ ለተብርሃን የጓዳውን መስኮት ጠረቀሙት።

ደብተሬ፣ ሦስት ቀን ጠፋሁብህ፤ አትቀየመኝ። የዓርቡን ለመጻፍ እጄ እምቢ ብሎኝ ነው።

ሞተሩ በርሜል ውሃ ውስጥ ቆሞ እየሠራ ነው። የአማቶቼ ግቢ፣ ቁሓ፣ መቐለ ዳር። የግድቡን ጥልቀት የምንለካበት የዩኒቨርሲቲው ት/ክፍላችን ጀልባ ሞተር ነው። ስቶሩ አጠገብ ውሃ ስለሌለ በስሜ ፈርሜ ወደ ቤት አመጣሁት። ሰፈሩ ይስቅብኛል። ባሕሩ መቼ ነው የሚመጣው ይሉኛል። ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ያደገች ሴት መቐለ አግብታ ልትኖር ስትመጣ ሞተር ይዛ መጣች ተብሎ ሳይወራ አልቀረም።

እሺ፣ ዓርብ። ልጻፈውና ይውጣልኝ። ነፋስ ሳይነሣ ልጨርስ ብዬ ቸኮልኩ። ሞተሩን አምስት ደቂቃ ማሞቅ ነበረብኝ። አላሞቅሁም። ቾኩን እንደሳብኩ ነዳሁት። ግድቡ መሐል ስንደርስ ቤንዚን ጠጥቶ ጠጥቶ ታፈነ። ጭጭ። ነፋሱ ወደ ድንጋዩ ይገፋናል። ሁለት ሰዓት ተኩል በመቅዘፊያ። መ/ር ሃፍቶም፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ ዋና አይችልም፤ ሁለት የመንሳፈፊያ ጃኬት ደራርቦ የታቦቱን ስም ሁሉ እየጠራ ይቀዝፋል። እኔ እዋኛለሁ። እሱን ግን፣ የሦስት ልጆችን አባት፣ ወስጄ ምን ይዤ ልመለስ ነበር? ዳር ስንደርስ ሁለታችንም ሣሩ ላይ ተዘረርን።

ሰኔ ሲገባ ጎርፉ አዲስ ደለል ይዞ ይመጣል። ከዚያ በፊት ካልለካን የዘንድሮው ልኬት የለም። በጦርነቱ ከተቋረጠ በኋላ ባለፈው ዓመት እንደምንም ለካን፤ ዘንድሮ ከደገምነው ደለሉ በዓመት ስንት እንደሚሞላ፣ ግድቡ ስንት ዓመት እንደሚቀረው ማወቅ እንጀምራለን። ከዳር እስከ ዳር የምንለካው አሥራ አራት መስመር አለን። የተለካው ሦስት።

ቾኩን ሙሉ ልመልሰው ስል ይጠፋል። ይኸው፣ ጠፋ።

ሰኞ፣ አመሻሽ 12:00

አቦይ ሓጎስ ከሰዓት ሙሉ በርሜሉን ሲዞሩ ዋሉ። የባሌ የክብሮም አባት ናቸው። አርባ ዓመት የጭነት መኪና መካኒክ። ጋራዣቸው በጦርነቱ ባዶውን ከቀረ ወዲህ ሥራ የለም። ደጃፍ ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ብቻ ይመረምራሉ። ያኛው ካንዴላ፣ ይኼኛው ፍሬን። ልክ ይሁኑ አይሁኑ የሚነግራቸው የለም፤ መኪናው አልፏል።

ዛሬ ጠጋ አሉ። አስነሥቼ አሳየኋቸው። ካንዴላውን ፈትተው አሸተቱት፣ ጣታቸው ጠቆረ። ይህች ለቆላ የተሠራች ናት አሉ፤ እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛባታል። ካቻቪቴ አመጡ። ካርቡራተሩ ላይ ሩብ ዙር። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ትንሽ መለሱ። ሰሙ። ሚኒሞው ላይ፣ ዝቅተኛ ዙሯ ላይ፣ ቁጭ አለች። ያለ ቾክ!

"ኣጆኺ ጓለይ፣ አይዞሽ ልጄ፣ ከእንግዲህ አታሳፍርሽም" አሉኝ።

ከመውጣቴ በፊት አምስት ደቂቃ ማሞቅ እንዳለብኝ ነገርኳቸው። የማይሞቅ ሞተር የት አለ ብለው ሳቁብኝ። ከጎንዋ የሚወጣውን ቀጭን ውሃም አዩ። አጎቴ ባ/ዳር "ሽንቷ" ነበር የሚለው፤ እሱ ካለ ደህና ናት። ለአቦይ ሓጎስ እንዲህ ብዬ መናገር አፈርኩና ሳልነግራቸው ቀረሁ።

አደይ ለተብርሃን በርሜሉን አይተው ተማረሩ። ቧንቧ እስኪመጣ ስንት ቀን ጠብቄ የሞላሁትን ለብረት አጠጣችሁት አሉ። እውነት አላቸው። ዘይት ተንሳፍፎበታል፤ ልብስ እንኳ አይታጠብበትም።

ሞተሩን "እሷ" ማለት ጀምሬያለሁ። ከአቦይ ሓጎስ ተጋብቶብኝ ነው።

ረቡዕ ግንቦት 13፣ ከቀኑ 9:30

ግድብ ዳር። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ።

ጠዋት ጀልባዋን ከዳር ሳናላቅቅ አምስት ደቂቃ ሙሉ አሞቅሁ። መ/ር ሃፍቶም በሰዓቱ ያዘልኝ፤ አራት ደቂቃ ከግማሽ ላይ ማርሽ ልነካ ስል እጄን መታኝ። ማርሽ ስትገባ ትንሽ ወረደች፣ ተመለሰች፣ ሄደች። አምስት መስመር! ያለ አንዳች ማንገራገር። መ/ር ሃፍቶም አንደኛውን ጃኬት አወለቀ። ለሱ ትልቅ ነገር ነው።

ስምንት ተለካ። ስድስት ቀረ። ዓርብ ይጨረሳል። ከስንት ቀን በኋላ ትከሻዬ ወደ ቦታው የተመለሰ መሰለኝ።

ዓርብ ግንቦት 15፣ ጠዋት 12:40

ፊደሌ ካልተነበበ ቻለኝ። ቆሜ ነው የምጽፈው።

ፊቴን እየታጠብኩ ድምፅዋን ሰማሁ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ ድምፁ ደረቀብኝ፤ የውሃው ጉርጉርታ የለውም። ከዚያ ሽታ። የተቃጠለ ላስቲክ። ሳሙናው ፊቴ ላይ እንዳለ ሮጥኩ።

ግቢው መሐል። ለመጫን እንድትመቸን ብለን ትናንት ከበርሜሉ አውጥተን እንጨት ላይ አስረናት ነበር። እዚያው እንጨቱ ላይ፣ ጠብታ ውሃ ሳይነካት፣ ትሠራለች። አቦይ ሓጎስ ጃኬታቸውን ደርበው አጠገብዋ ቆመዋል። ፈገግ አሉልኝ። ከመይ ሓዲርኪ፣ እንዴት አደርሽ። አሥር ደቂቃ አሙቄልሻለሁ፣ ቀጥ ብለሽ መሄድ ነው አሉኝ።

አጠፋኋት። እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው። አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት።

ጭነት መኪና የሚበርድበትን ውሃ ሆዱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። እሷ ግን ከቆመችበት ነው የምትስበው፤ ከሌለ የምትስበው አየር ነው፣ የውሃ ፓምፑ ላስቲክ ያልቃል። እሳቸው ራዲያተር ሲያጡባት እንደ ሞተር ሳይክል በነፋስ የምትበርድ መስሏቸዋል። በርሜሉንም ፕሮፔለሩ የሚቀዝፈው ውሃ እንዲያገኝ ብቻ ያደረግሁት መስሏቸው ይሆናል። እኔ ነገርኳቸው? አልነገርኩም። አርባ ዓመት ሞተር የፈታ ሰው ፊት ቆሜ ይኼ በውሃ ነው የሚበርደው ማለት ድፍረት መሰለኝ። እንኳን ደስ ያለሽ ሰርክዬ አልኩ ለራሴ፣ ጨዋነትሽን ብዪው።

ወደ በርሜሉ መልሼ አስነሣኋት። ሽንት የለም። በሰላሳ ሰከንድ አጠፋሁ። ምነው አሉኝ። ቢሮ ደወሉ፣ መኪናው ለሌላ ሥራ ተፈልጓል፣ ቀርቷል አልኩ። ውሸት። ፊታቸውን እያየሁ እውነቱን ማውጣት አቃተኝ፤ ስንት ጊዜ ሆነ ሰው ይጠቅማሉ ብሎ የጠየቃቸው?

መ/ር ሃፍቶም ዛሬ እንደማንሄድ ስነግረው ተመስገን አለ። በስልክ፣ ጮክ ብሎ።

ቅዳሜ ግንቦት 16፣ ከሰዓት 8:00

ለአማቶቼ ለንብረት ቁጥጥር ትፈለጋለች ብዬ ጫንኳት። ሁለተኛ ውሸት። የዩኒቨርሲቲው ዎርክሾፕ ውስጥ የታችኛውን ክፍል ፈታሁ። ላስቲኩ ስድስት ክንፍ ነበረው። ሦስቱ አሉ፣ እነሱም እንደ ከሰለ ሥጋ ተኮማትረዋል።

ላስቲክ ይገኛል። ያስፈራኝ ፒስተኑ ነው። ሙቀቱ ነክሶት ከሆነ ሞተሩ አበቃለት፣ የዘንድሮው ልኬትም አበቃ። ካንዴላውን ፈትቼ አውራ ጣቴን ቀዳዳው ላይ ጫንኩ፣ ገመዱን ሳብኩ። ጣቴን ገፍቶ ጣለው! ደግሜ ሳብኩ። ጣለው! ኮምፕሬሽን አለ፤ ፒስተኑ ደህና ነው። ማንም አጠገቤ አልነበረምና ብቻዬን ሳቅሁ።

ለአጎቴ ደወልኩ። ሐይቅ ዳር ካሉት ሱቆች አንዱ ጋ የእሷ ዓይነት ላስቲክ አገኘ። ባ/ዳር፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው። እንግዲህ መጠበቅ ነው።

ማክሰኞ ግንቦት 19፣ ምሽት 1:00

አቦይ ሓጎስ ባዶውን እንጨት አይተው የት አለች አሉኝ። ስቶር፣ ቁጥጥሩ አላለቀም አልኩ። ራት ላይ ፊታቸውን ወደ ክብሮም አዙረው በትግርኛ ተናገሩ፤ እጄ አርጅቶ ከሆነ ሌላ መካኒክ ጋ ከመውሰዷ በፊት ትንገረኝ ነው ያሉት። ትግርኛ እንደምሰማ ያውቃሉ። እንድሰማ ነው ያሉት።

ሰሞኑን አተኩረው ሲያዩኝ የሰነበቱት ለካ ለዚያ ነው።

ክብሮም ከዓይደር ሆስፒታል ከተረኛነቱ ደክሞት ነበር የመጣው። ሁሉንም ነገርኩት። ተቆጣኝ። እሱ ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የባሰ ነው። አባቴን እንደ ሕፃን ያዝሽው አለኝ። አንተ ብትሆን ትነግራቸው ነበር ወይ አልኩት። አሰበና ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

በምሥራቅ በኩል ደመና አለ። ትንሽ ነው። ነገ እነግራቸዋለሁ።

ሐሙስ ግንቦት 21፣ ረፋድ 5:00

አልነገርኳቸውም። ትናንት ቀኑን ሙሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ዋልኩ፤ ሲመሽ ተኙ።

ዛሬ ላስቲኩ ደረሰ። ኤርፖርት ድረስ በባጃጅ ሄጄ የአጎቴን ጎረቤት ልጅ ጠበቅኋት። በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ መዳፍ የማይሞላ ነገር። እዚያው ፈትቼ አሸተትኩት፤ አዲስ ላስቲክ ይሸታል። ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ዛሬ ግን ዕርገትም ማርያምም ናቸው። ዎርክሾፑ ዝግ። ላስቲኩን ኪሴ ይዤ ከአማቶቼ ጋር ምሳ ልበላ ነው።

ዓርብ ግንቦት 22፣ ከሰዓት 9:20

ገጠምኩት። ዎርክሾፑ ባልዲ ውስጥ ነክረን አስነሣናት። ውሃ የለም። ፈታሁ፣ ገጠምኩ። የለም። ሁለት ቴክኒሺያኖች አየት አየት አድርገው ትከሻቸውን ነቀነቁ። ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ።

አዲስ ላስቲክ አላት፣ ኮምፕሬሽን አላት። ታዲያ ምን ሆነች? ከዚህ በላይ እኔ አላውቅም። የሚያውቀው ማን እንደሆነ ደግሞ አውቃለሁ። ጭኛት ወደ ቁሓ እየሄድኩ ነው።

ዓርብ፣ ምሽት 2:00

ነገርኳቸው። ግቢው ውስጥ፣ ቆሜ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። በውሃ እንደምትበርድ ሳልነግራቸው መቅረቴን፣ የቢሮውን ውሸት፣ የቁጥጥሩን ውሸት።

አልተቆጡም። ላስቲኩ ያለ ውሃ ስንት ጊዜ ይቆያል ብለው ብቻ ጠየቁ። አንድ ደቂቃ፣ ቢበዛ ሁለት አልኩ። እኔ አሥር አቆየኋት አሉ። ወደ ቤት ገቡ። ራት አልበሉም። አደይ ለተብርሃን ትሪውን እንደሞላ መለሱት።

በርሜሉን ተደግፌ አለቀስኩ ደብተሬ። ለሞተሩ አይደለም።

ቅዳሜ ግንቦት 23፣ ጠዋት 3:00

ሸናች! ሸናች ደብተሬ!

ረጋ ብዬ ልጻፈው። 12 ሰዓት ላይ ስወጣ አቦይ ሓጎስ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። የመሣሪያ ሣጥናቸው ተከፍቷል፤ ተከፍቶ ካየሁት ዓመታት አልፈዋል። የተቃጠለውን ላስቲክ አምጪው አሉኝ። ምን ያደርግልዎታል አልኩ። አምጪው።

ጋዜጣ ላይ አስቀምጠው ክንፎቹን ቆጠሩ። ሦስት አለ፣ ሦስት የለም። የሌሉት የት ሄዱ? ወጥተው ካልወደቁ እሆድዋ ውስጥ ናቸው አሉ። እኔም፣ ሁለቱ ቴክኒሺያኖችም፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ማናችንም አልቆጠርንም። ያልቃል ብዬ የማውቀው ላስቲክ ሲያልቅ የት እንደሚሄድ አልጠየቅሁም።

አንዱን ፓምፑ አፍ ላይ በፒንሳ አወጡት። ሁለተኛውን ከቱቦው በሽቦ። ሁለቱን ከአሮጌው ላስቲክ ጋር አጋጥመው ልክ መሆናቸውን አዩ። ሦስተኛው እምቢ አለ። ፀሐይ ወጣች። አደይ ለተብርሃን ሻይ ይዘው መጡ፣ አልነኩትም። በመጨረሻ የብስክሌት መንፊያ አስመጡ፤ ውሃው በሚወጣበት በኩል ወደ ኋላ ነፉ፣ አንዴ፣ አምስቴ፣ አሥሬ። ጠብ! ሽንብራ የምታክል ጥቁር ነገር። አነሧት፣ ሦስተኛው ክንፍ ላይ ገጠሟት። ልክ።

በርሜሉ ውስጥ ከተትናት። ሦስት ጊዜ ሳብኩ። ተነሣች። ጠበቅን። ቀጭን ውሃ ከጎንዋ ፊው ብሎ የአቦይ ሓጎስን ሱሪ መታ። ሳቁ። እኔም አጎቴ ምን እንደሚለው ነገርኳቸው፤ የባሰ ሳቁ፣ አደይ ለተብርሃንን ጠርተው አሳዩዋቸው።

እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ነው፣ እንደ ቀላል ነገር፣ የተናገሩኝ።

"ጓለይ፣ ማበላሸቴን ያኔውኑ ብትነግሪኝ፣ በዚያው ቀን እሠራው ነበር።"

ይቅርታ አልኩ። ሕራይ፣ እሺ፣ አሉና ካርቡራተሩን ሊያዳምጡ ጎንበስ አሉ።

ሰኞ ግንቦት 25፣ ከቀኑ 10:00

ግድብ ዳር። ስድስት መስመር። አሥራ አራቱም ተለካ! አሥራ አራት!

አቦይ ሓጎስ አብረውን መጡ። ጀልባ አልገባም፣ እኔ የመሬት ሰው ነኝ አሉ። ግን ማሞቁን ማንም አልነጠቃቸውም። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ውሃው ውስጥ ገብተው፣ ዓይናቸው ከቀጭኗ ውሃ ላይ ሳይነቀል፣ አምስት ደቂቃ ቆሙ። አሁን ሲሉ ማርሽ አስገባሁ። ከመሐል ሆኜ ዞር ስል ዳር ላይ ናቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው። እየሰሙን ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ትንሽ ስታንገራግር ከዚያ ማዶ ቤንዚኑን እይው ብለው ጮኹ። እውነትም ቱቦው ተጣሞ ነበር።

መ/ር ሃፍቶም መጨረሻው መስመር ላይ ዘፈነ። አንድ ጃኬት ብቻ ለብሶ።

ስንመለስ መኪናው መስታወት ላይ ጥቂት ጠብታ። ማንም መጥረጊያውን አላስነሣም። ለካሁት ደብተሬ። ከእንግዲህ እንደፈለገ ይዝነብ።

ማክሰኞ ግንቦት 26፣ ምሽት 1:30

ሞተሩን ነገ ወደ ስቶር እመልሳለሁ። የተበላሸ ንብረት ቅጽ መሙላት ግድ ነው። ጉዳቱን ያደረሰው የሚል መስመር አለው፤ የእኔን ስም ጻፍኩ። ትክክሉም እሱ ነው። የጠገነው የሚለውን ባዶ ትቼ ወጥ ላማስል ተነሣሁ።

ስመለስ አቦይ ሓጎስ መነጽራቸውን አድርገው ቅጹን ያነባሉ። እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። ስሜን ሰረዙት። ለምን አልኳቸው፤ ሳልነግርዎት የቀረሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። ከዚያ ጋራዥ ደብተር ላይ ይጽፉ እንደነበረው፣ በትልልቁ፣ ቀስ ብለው፦

ጉዳቱን ያደረሰው፦ ሓጎስ፣ መካኒክ።
የጠገነው፦ ሓጎስ፣ መካኒክ።

ሁለቱም ጋ ፈረሙ። ፊርማቸውን ራቅ አድርገው አዩት። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አሉበት።

ክብሮም አይቶ ሳቀ። የጻፉት ስምና ሙያ ብቻ ነው፣ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ አይደሉም፣ ቢሮው አይቀበልሽም አለኝ። ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ንጹሕ ቅጽ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አላወጣሁትም።

ጠዋት ይህንኑ አስገባለሁ። ከመለሱብኝ ደግሜ አስገባዋለሁ።